ሁለት ወረቀት በአንድ መስታወት ላይ

በአሜሪካ የመኪና መሸጫ ግቢ የቆመ አዲስ መኪና ብዙ ጊዜ በጎን መስታወቱ ላይ ሁለት ወረቀት ተለጥፎበት ነው ገዢውን የሚጠብቀው። አንደኛው ሰፋ ያለ ነው፤ ከፋብሪካ የመጣ፣ መንግሥት በሕግ ያዘዘው። መኪናው የት እንደተገጣጠመ፣ ሞተሩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ በአንድ ጋሎን ስንት ማይል እንደሚሄድ፣ በግጭት ፈተና ስንት ኮከብ እንዳገኘ፣ ማጓጓዣው ስንት እንደሆነ ይዘረዝርና ከታች ጠቅላላ ዋጋውን ይናገራል። ሁለተኛው ጠበብ ይላል። ብዙ ጊዜ የፊደሉም የቀለሙም መልክ የመጀመሪያውን እንዲመስል ሆኖ ይታተማል። የቀለም መከላከያ፣ የወንበር ጨርቅ መከላከያ፣ ናይትሮጅን የተሞላ ጎማ፣ በመስታወት ላይ የተቀረጸ የሻንሲ ቁጥር ከነዋጋቸው ተደርድረዋል፤ ከግርጌው ሌላ፣ ከፍ ያለ ድምር ቁጭ ብሏል።

መርካቶ ገብቶ በርበሬ የሸመተ ሰው ሚዛኑ ከሞላ በኋላ ዕቃውን ቶሎ አያነሳም፤ ምራቂ ይጠብቃል። ሻጩም እያጉረመረመ ቢሆን አንድ እፍኝ ይጨምርለታል። የአሜሪካ መኪና ሻጭም ሚዛኑ ከሞላ በኋላ ይጨምራል። ልዩነቱ ምራቂውን ማስከፈሉ ነው፤ አንዳንዴም ከበርበሬው በላይ የሚያተርፈው ከምራቂው ነው።

የንግዱ ሰዎች ይህን ጭማሪ «አድ ኦን»፣ ሁለተኛውን ወረቀት ደግሞ «አደንደም» ይሉታል። የሁለቱ ወረቀቶች ታሪክ የተያያዘ ነው። የመጀመሪያው የተወለደው የሻጭን ጭማሪ ለማስቆም ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያው በተወው ባዶ ቦታ ላይ በቀለ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከፈረስ ገበያ ይጀምራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የአሜሪካ ከተማ ሰው በቁርጥ ዋጋ መግዛት ለምዶ ነበር። የፊላደልፊያው ጆን ዋናሜከርና መሰሎቹ በትላልቅ መደብሮቻቸው ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ዋጋ ለጥፈው፣ ለባለጠጋውም ለሎሌውም በዚያው ይሸጡ ነበር። ከዚህ ሥርዓት ውጭ የቀረው ፈረስ ነው። ፈረስ ጥርሱ ተገልጦ፣ ሰኮናው ተነስቶ፣ ባለቤቱ ምሎለት፣ ግማሽ ቀን በክርክር ካለቀ በኋላ የሚገዛ ነገር ነበር፤ የራስን ፈረስ ሰጥቶ ልዩነቱን ከፍሎ ሌላ መውሰድም የተለመደ ነው። መኪና ሲመጣ የተቀመጠው በመደብሩ ወንበር ላይ ሳይሆን በፈረሱ ኮርቻ ላይ ሆነ። ገዢው አሮጌውን መኪና አስረክቦ አዲሱን ሲወስድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዋጋ ይደራደራል፣ የአሮጌውንና የአዲሱን። ሁለት ዋጋ ባለበት ደግሞ አንዱን በሌላው መደበቅ ይቻላል። ብድር ሲጨመርበት ሦስት ይሆናል።

መለዋወጫና ማሟያን ለብቻ ማስከፈል በራሱ ነውር አልነበረም። ሄንሪ ፎርድ በ1908 ሞዴል ቲን ሲያወጣ የቱሪንግ ዓይነቱ ዋጋ 850 ዶላር ነበር። በዚያ ዋጋ የሚገኘው በዛሬ ዓይን ግማሽ መኪና ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው፣ የፊት መስታወቱና በጋዝ የሚበራው የፊት መብራት ለብቻ ይከፈልባቸው ነበር። በ1925 ክፍቱ ባለ ሁለት መቀመጫ እስከ 260 ዶላር ወረደ። ይህም ዋጋ «ዲትሮይት ላይ» ነው፤ ማጓጓዣው የገዢው ዕዳ ነበር። ሞተሩን በኤሌክትሪክ ማስነሳት የፈለገ ተጨማሪ ይከፍላል፤ ያልፈለገ ከፊት ቆሞ በክንዱ እያሽከረከረ ያስነሳል። በዚህ ፎርድን መውቀስ ይከብዳል። የጨመረ ሰው ፈልጎ ጨመረ፣ ያልፈለገም ያለ ጭማሪው መኪናውን ይዞ ሄደ። ክርክሩ የሚጀምረው «አልፈልግም» የሚለው መልስ መሰማት ሲያቆም ነው።

ያ የሆነው ገንዘብ በብድር መግባት ሲጀምር ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1919 የራሱን አበዳሪ ድርጅት አቋቋመ፤ በ1920ዎቹ አዲስ መኪና በዱቤ መግዛት የተለመደ ሆነ። ገዢው ጠቅላላውን ዋጋ ትቶ የወር ክፍያውን መጠየቅ ለመደ፤ ሻጩም በወሩ ክፍያ ውስጥ ትንሽ ትንሽ መክተት ለመደ። መክተቱ «ፓክ» የሚል ስም ወጣለት፤ ሻንጣ ሲጠቀጠቅ እንደማለት ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1939 ስለ መኪና ኢንዱስትሪው ለኮንግረስ ባቀረበው ግዙፍ ዘገባ ይህን ልማድ አንስቶታል። ትላልቆቹ ፋብሪካዎችም እጃቸው ንጹሕ አልነበረም። ጄኔራል ሞተርስ በ1930ዎቹ አጋማሽ «የ6 ከመቶ ዕቅድ» ብሎ ያስተዋወቀው ብድር፣ ገዢው በየወሩ እየከፈለ ዕዳው ሲቀንስ ወለዱ አብሮ ስለማይቀንስ፣ በትክክል ሲሰላ ወደ 11 ከመቶ ተኩል የሚጠጋ ነበር። ኮሚሽኑ ማስታወቂያው አሳሳች ነው ብሎ ከለከለ፤ ኩባንያው ይግባኝ ቢልም በ1940 ተሸነፈ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በየካቲት 1942 የአሜሪካ ፋብሪካዎች ለሲቪል የሚሆን መኪና መሥራት አቁመው ወደ ታንክና አውሮፕላን ዞሩ። በ1945 ሲመለሱ ሕዝቡ ከሦስት ዓመት በላይ አዲስ መኪና አላየም፤ ኪሱ ግን በጦርነት ደመወዝ ሞልቷል። የመንግሥት ዋጋ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጣሪያ አበጅቶ ነበር፤ ፋብሪካዎቹም ከቁጥጥሩ በኋላ የዝርዝር ዋጋቸውን ገበያው ሊከፍል ወደሚችለው አላወጡትም። ልዩነቱ ሻጩ እጅ ላይ ወደቀ። ሻጩ የመኪናውን ዋጋ በግላጭ መጨመር ባይችል ሬዲዮ፣ ማሞቂያ፣ የወንበር ልብስና ተጨማሪ መብራት ጭኖ ያስረክባል፤ ያልፈለገ ወረፋውን ለሚቀጥለው ይለቃል። ወይም የገዢውን አሮጌ መኪና ከሚያወጣው በግማሽ ይረከበዋል። ዛሬ በመኪና መሸጫ የሚታየው ነገር ሁሉ ከሞላ ጎደል በእነዚያ የእጥረት ዓመታት ተለምዷል።

እጥረቱ ሲያልፍ ግን ልማዱ አላለፈም፤ መልኩን ብቻ ለወጠ። በ1953 እና በ1954 ፎርድና ሼቭሮሌት ለአንደኝነት ሲፋለሙ ፋብሪካዎቹ ያልታዘዘ መኪና በሻጮች ግቢ ላይ አፈሰሱ። አሁን ሻጩ በብዛት ተጨነቀ። መፍትሔው የዝርዝር ዋጋውን አስቀድሞ መንፋት ሆነ። በመኪናው ላይ ብዙ መቶ ዶላር ይጨምርና ለገዢው «አሮጌ መኪናህን ከማንም በላይ ዋጋ እሰጥሃለሁ» ይለዋል። ገዢው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ የተቀበለው የራሱን ገንዘብ ነበር። የሚገርመው፣ መስታወት ላይ የተለጠፈ የፋብሪካ ዋጋ ስላልነበረ ትክክለኛውን ዋጋ ማንም ገዢ ማወቅ አይችልም ነበር። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት መኪና ከአንድ ከተማ ገዝተው የተለያየ «ዝርዝር ዋጋ» ይዘው ይመለሳሉ። ዋጋው ከተቆረጠና እጅ ከተጨባበጡ በኋላ ውሉ ላይ ሌላ ነገር መጨመርም ነበር፤ ለዚህም «ቡሺንግ» የሚል ስም ነበረው።

በዚህ መሃል የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ መንሮኒ ገባ። መንሮኒ ፖለቲካ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጋዜጠኛ ነበር፤ በ1939 ወደ ተወካዮች ምክር ቤት፣ በ1951 ወደ ሴኔት ገባ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የመኪና ግብይትን የሚመረምር ንዑስ ኮሚቴ መርቶ ሻጮችንም የፋብሪካ ኃላፊዎችንም አስመሰከረ። ከወጡት ጉዶች አንዱ በጥላ ላይ የተከፈለ ማጓጓዣ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የተገጣጠመ መኪና የገዛ ሰው ከዲትሮይት እንደመጣ ተቆጥሮ የባቡር ኪራይ ይከፍል ነበር። ባቡሩ የለም፤ ሂሳቡ ግን አለ።

ሕጉ በሐምሌ 1958 በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ፊርማ ጸደቀ። ፋብሪካው በእያንዳንዱ አዲስ መኪና መስታወት ላይ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የተገጣጠመበትን ቦታ፣ የሻጩን ስም፣ የመኪናውን የሚመከር ዋጋ፣ ፋብሪካው የገጠመለትን እያንዳንዱን ተጨማሪ ዕቃ ከነዋጋው፣ የማጓጓዣውን ሂሳብና ድምሩን ለጥፎ እንዲልክ ያዛል። ሳይለጥፍ ለላከ በአንድ መኪና እስከ 1,000 ዶላር ቅጣት፤ ከገዢው በቀር ማንም ቢልጠው ወይም ቢሰርዘው እስከ 1,000 ዶላር ወይም እስከ አንድ ዓመት እስራት። የሻጮቹ ብሔራዊ ማኅበር ራሱ ሕጉን ደግፎ ነበር፤ በተነፋ ዋጋ መሽቀዳደም ሐቀኛውንም ነጋዴ ይጎዳው ስለነበር። ወረቀቱ ዛሬም ድረስ በሴናተሩ ስም «መንሮኒ» ይባላል። ሴናተሩ በ1980 ሞተ፤ ስሙ ግን በየቀኑ በሺህ በሚቆጠር መስታወት ላይ ይለጠፋል፤ ከሚያነቡት አብዛኞቹ የሰው ስም መሆኑን አያውቁም።

የሕጉ ጉድለት ሁለት ቃላት ውስጥ ነው። አንደኛው «የሚመከር» የሚለው ነው፤ ፋብሪካው ይመክራል፣ ሻጩን አያስገድድም። ሁለተኛው «ፋብሪካው» ነው፤ ሕጉ ፋብሪካው የገጠመውን ብቻ ይዘረዝራል፣ መኪናው ግቢው ከደረሰ በኋላ ሻጩ ስለሚጨምረው አንድም ነገር አይልም። የመጀመሪያውን ወረቀት መላጥ ወንጀል ሆነ፤ ከጎኑ ሌላ ወረቀት መለጠፍ ግን ወንጀል አይደለም።

ለሁለተኛው ወረቀት የመጀመሪያውን ዕቃ የሰጠው ጨው ነው። በሰሜናዊ ግዛቶች ከጦርነቱ በኋላ የክረምቱን በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው መርጨት ተስፋፋ፤ የዘመኑ ብረት ደግሞ ጨው አይችልም ነበርና መኪኖች በጥቂት ዓመት ከሥር ይበሰብሱ ነበር። ከጀርመን የመጣው መካኒክ ኩርት ዚባርት በዲትሮይት የፈለሰፈው የፀረ ዝገት ቅብ በ1959 በስሙ ወደ ገበያ ወጣ። በጊዜው ጥሩ ሥራ ነበር፤ የበርና የሻንሲውን የውስጥ ክፍተት በትዕግሥት እየበሱ መቀባት። መኪና ሻጮች ነገሩ እንደሚያዋጣ ሲያዩ በራሳቸው ጋራዥ ከሥር ጥቁር ሬንጅ መሳይ ነገር ረጭተው መቶዎች ማስከፈል ያዙ። በ1980ዎቹ ፋብሪካዎቹ በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ መጠቀምና የአሥር ዓመትና የመሳሰለ የዝገት ዋስትና መስጠት ሲጀምሩ ምክንያቱ ጠፋ። ቅቡ ግን ከወረቀቱ ላይ አልጠፋም። በሽታው ከዳነ በኋላ መድኃኒቱ መሸጡን ቀጠለ።

በ1996 የወጣው የኮኤን ወንድማማቾች ፊልም «ፋርጎ» ይህን ለአሜሪካውያን ሁሉ አስታወሳቸው። ታሪኩ በ1987 የሚካሄድ ሲሆን ዊልያም ሜሲ የሚጫወተው የኦልድስሞቢል ሻጭ ገና ከጅምሩ አልፈልግም ብሎ ከተስማማ ገዢ ጋር በቀለም መከላከያ ቅብ ይጣላል። ሻጩ «አለቃዬን ልጠይቅ» ብሎ ይወጣል፤ ከጎን ቢሮ ገብቶ የማይገናኝ ወሬ ያወራና ተመልሶ መቶ ዶላር ቅናሽ ማግኘቱን ያበስራል። ተመልካች የሚስቀው ነገሩ ስላልተጋነነ ነው።

የቅቡን ጉዳይ ወደ ትልቅ ገንዘብ የቀየረው ግን እንደገና እጥረት ነው። በ1981 ጃፓን በአሜሪካ ግፊት ወደዚያ የምትልከውን መኪና በዓመት በ1.68 ሚሊዮን ለመገደብ ተስማማች። ነዳጅ የተወደደበት ሰዓት ነበርና ሁሉም ሆንዳና ቶዮታ ይፈልጋል። የእነዚህ መኪኖች ሻጭ ለመሆን መታደል ማለት የወርቅ ጉድጓድ ማግኘት ነበር። ሁለተኛው ወረቀት ላይ የቀለም መከላከያው፣ የጎን መስመር ስዕሉና የወንበር ቅቡ ሲቆለል አልበቃ አለና በመጨረሻ ዕቃም የሌለው መስመር ታየ፤ «ተጨማሪ የሻጭ ጭማሪ»። ምንም ስላልሰጠሁህ ክፈል ማለት ነው። ቢያንስ ሐቀኛ መስመር ነው ማለት ይቻላል። ገንዘቡ ብዙ ስለነበር ወደ ላይም ፈሰሰ፤ በ1990ዎቹ በአሜሪካ የሆንዳ ኃላፊዎች ከሻጮች ጉቦ እየተቀበሉ ብዙ መኪና ሲመድቡላቸው እንደነበር በፌዴራል ፍርድ ቤት ተረጋግጦ ተፈረደባቸው።

በዚሁ ዘመን ነገሩ ከግቢው ወደ ቢሮ ገባ። በ1968 የወጣው የብድር ግልጽነት ሕግ አበዳሪ እውነተኛውን ዓመታዊ ወለድ እንዲጽፍ አስገደደና የድሮው «6 ከመቶ» ጨዋታ አበቃ። ሻጮቹ ፊታቸውን ወደ ኢንሹራንስ፣ ወደ ተራዘመ ዋስትናና ወደ ጥገና ውል አዞሩ። ገዢው ከሻጩ ጋር ዋጋ ቆርጦ፣ ደክሞ፣ ልጆቹም እያለቀሱ፣ «ፊርማ ብቻ ነው የቀረው» ተብሎ ወደ ሌላ ጠባብ ክፍል ይወሰዳል። የሙያው ሰዎች ክፍሉን «ሳጥኑ» ይሉታል። እዚያ የሚቀመጠው ሰው የሚናገረው በወር ክፍያ ቋንቋ ነው። ለ1,500 ዶላር ጥቅል «በወር 25 ዶላር ገደማ ብቻ» ሲባል ቀላል ይመስላል። በ7 ከመቶ ወለድ በ72 ወር ሲከፈል ግን ጥቅሉ ከ1,840 ዶላር በላይ ይወጣል። ያ ሰው ወረቀቱን በዝርዝር አንብቦ እንዲያስረዳ የሚጠብቅ ካለ፣ ወረፋው ከኋላ እንዳለ በትሕትና ይነገረዋል።

ከዚህ ሥርዓት ለመውጣት የሞከረ አልጠፋም። ጄኔራል ሞተርስ በ1990 ከስፕሪንግ ሂል፣ ቴነሲ ሳተርን የተባለውን መኪና ሲያወጣ ሻጮቹ ያለ ክርክር በተለጠፈው ዋጋ እንዲሸጡ አደረገ። ገዢዎቹ ወደዱት፤ ሳተርን ግን በ2010 ተዘጋ። የተዘጋው በቁርጥ ዋጋው ሳይሆን ኩባንያው አዳዲስ ሞዴል ስለነፈገው ነው ብለው የሚከራከሩ ብዙ ናቸው፤ ትክክልም ይመስላሉ።

እስከዚያው ሁለተኛው ወረቀት ሳይንስ ተማረ። በመስታወት ላይ የሻንሲ ቁጥር መቅረጽ ሌባን ያሸሻል የሚለው ሐሳብ በ1980ዎቹ የመኪና ስርቆት ሲበረታ የመጣ ነው፤ መቅረጫው በጥቂት አስር ዶላር ከሱቅ የሚገኝ ሆኖ ሳለ በመሸጫው መቶዎች ያስወጣል። ከሁሉ የሚያስቀው ናይትሮጅኑ ነው። ጎማ በናይትሮጅን ሲሞላ ንፋሱ ቀስ ብሎ ይወጣል የሚለው ሐሳብ ለአውሮፕላንና ለውድድር መኪና ትርጉም አለው። የትኛውም ጎሚስታ በመንፊያው የሚሞላው ተራ አየር ግን 78 ከመቶው ናይትሮጅን ነው። ገዢው የሚከፍለው ለቀሪው 22 ከመቶ መሆኑ ነው፤ እርሱም በትክክል ከተሞላ።

ከአድ ኦን የማይቆጠር፣ ግን የሥጋ ዘመዱ የሆነ አንድ ክፍያ አለ፤ የሰነድ ማዘጋጃ ወይም በተለምዶ «ዶክ ፊ» የሚባለው። ስሙ የቢሮ ወጪ ይመስላል። ካሊፎርኒያ በ85 ዶላር ገድባዋለች፤ ፍሎሪዳ ገደብ ስለሌላት ወደ 1,000 ዶላር የሚጠጋ ሂሳብ ማየት አያስገርምም። ያው ወረቀት፣ ያው ማተሚያ፣ ያው ፊርማ።

ከዚያ 2021 መጣና በ1946 የነበረው ሁሉ ተደገመ። የኮሮና ወረርሽኝ የቺፕ እጥረት አስከትሎ ፋብሪካዎች ሲቆሙ የመሸጫ ግቢዎች ባዶ ሆኑ። ኤድመንድስ የተባለው የመኪና ገበያ ተንታኝ ድርጅት በጥር 2022 አዲስ መኪና ከገዙት 82 ከመቶው ከፋብሪካው ዋጋ በላይ እንደከፈሉ አስታወቀ፤ ከሁለት ዓመት በፊት እንዲህ የከፈለው ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አይሞላም ነበር። የፎርድ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጂም ፋርሊ በየካቲት 2022 ከሻጮቻቸው አሥር ከመቶ የሚሆኑት ከተለጠፈው ዋጋ በላይ እንደሚያስከፍሉና የመኪና ድርሻቸው ሊቀነስ እንደሚችል በይፋ ተናገረ። ዋጋ የሚመክር ፋብሪካ ማድረግ የሚችለው ይህንኑ ነው፤ ሻጮቹ በየክፍለ ግዛቱ በወጡ ሕጎች የተጠበቁ ነጻ ነጋዴዎች ናቸውና በቀላሉ ሊያባርራቸው አይችልም።

ጭማሪው በሁሉም ላይ እኩል አይወርድም። ቁርጥ ዋጋ በሌለበት ገበያ ሻጩ የሚመዝነው ዕቃውን ሳይሆን ሰውየውን ነው። በሚያዝያ 2022 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የኢሊኖይ ግዛት ናፕልተን ከተባለ ትልቅ የሻጮች ቡድን ጋር በነበራቸው ክስ ድርጅቱ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በክሱ መሠረት ከገዢዎች 83 ከመቶው ያልፈቀዱት ወይም ተታለው የፈረሙት አድ ኦን ተጭኖባቸዋል፤ ጥቁር ገዢዎች ደግሞ ለተመሳሳይ አድ ኦን ከነጮች በአማካይ 99 ዶላር፣ በወለድ ደግሞ 190 ዶላር ያህል በላይ ከፍለዋል።  በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ክሱ ብዙ ኢትዮጵያዊ ወደሚኖርበት ሰፈር ደረሰ፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መኪና የሚሸጠው ፓስፖርት አውቶሞቲቭ 3.38 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊከፍል ተስማማ። ኮሚሽኑ የከሰሰው በማስታወቂያው ዋጋ ላይ የፍተሻ፣ የማደሻና የማረጋገጫ ክፍያ እየጨመረ ነው፣ ጥቁርና ላቲኖ ገዢዎችንም አብልጦ ያስከፍላል በማለት ነበር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ያለው ኢትዮጵያዊ የሚገዛው ከእነዚሁ ሁለት ግዛቶች ነው። ብዙው ታክሲ፣ ኡበር ወይም ሊፍት ይነዳል፤ መኪናው እንጀራው ነው። አዲስ አበባ ላይ በደላላ ፊት ለአንድ ሺህ ብር ሰዓት ሙሉ የሚከራከር ሰው፣ እዚህ የታተመ ወረቀት ሲያይ ዝም ይላል። የታተመ ነገር መንግሥት ያወጣው ቁርጥ ዋጋ ይመስለዋል። የሁለተኛው ወረቀት መልክ የመጀመሪያውን እንዲመስል የሚደረገውም ለዚሁ ነው።

ፌዴራል መንግሥቱ ከመንሮኒ ወዲህ ትልቁን ሙከራ ያደረገው በታኅሣሥ 2023 ነው። የንግድ ኮሚሽኑ ያወጣው ደንብ ሻጩ ማንኛውም ገዢ የሚከፍለውን ሙሉ ዋጋ እንዲናገር፣ አድ ኦን በውድ እንጂ በግድ አለመሆኑን እንዲያስረዳ፣ ለገዢው ጥቅም የሌለውን ነገር እንዳይሸጥ ያዝ ነበር። ከተራ አየር የበለጠ ናይትሮጅን የሌለው ጎማ በስም ተጠቅሶ ተከለከለ። ኮሚሽኑ ለጥቅም አልባ ሽያጭ ከጠቀሳቸው ምሳሌዎች አንዱ ለኤሌክትሪክ መኪና የሚሸጥ የሞተር ዘይት ቅያሪ ውል ነው፤ ዘይት የሚቀየርበት ሞተር ለሌለው መኪና ማለት ነው። ደንቡ ሥራ ላይ ሲውል ገዢዎች በዓመት 3.4 ቢሊዮን ዶላርና 72 ሚሊዮን ሰዓት እንደሚያተርፉ ኮሚሽኑ ገመተ።

አልዋለም። ከስድሳ አምስት ዓመት በፊት የመንሮኒን ሕግ የደገፈው ያው የሻጮች ብሔራዊ ማኅበር ከቴክሳስ ማኅበር ጋር ሆኖ ከሰሰ፤ የአምስተኛው ክልል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በጥር 2025 ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ደንቡን ሻረው። ምክንያቱ ናይትሮጅኑ አልነበረም። ኮሚሽኑ ደንቡን ከማርቀቁ በፊት ማውጣት የነበረበትን ቅድመ ማስታወቂያ አላወጣም የሚል ነው። ለሻጮቹ ያደላ ባይሆንም እንኳ ይህ ፍርድ ለገዢው መራራ ነው፤ ጉዳዩ ሳይታይ በሥነ ሥርዓት ወደቀ።

ካሊፎርኒያ ግን የወደቀውን ደንብ ሐሳብ አንስታ የራሷን ሕግ አወጣች። በጥቅምት 2025 የተፈረመው ይህ ሕግ ከጥቅምት 1 ቀን 2026 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ ጥቅም የሌለውን አድ ኦን ይከለክላል፤ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰውም በሦስት ቀን ውስጥ እንዲመልስ መብት ይሰጠዋል።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለሚገዛ አንባቢ የሚሆነው እስካሁን የድሮው ዘዴ ነው። ወደ መሸጫው ሳይሄዱ በኢሜይል «ታክስም ሰሌዳም ተጨምሮ ከበር ይዤ የምወጣበት ዋጋ ስንት ነው» ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝ። ሻጩ የወር ክፍያ ሲነግር ጠቅላላውን መጠየቅ። በግቢው ሲደርሱ ደግሞ ሁለቱን ወረቀቶች ለይቶ ማየት፤ ሰፊውን ከገዢው በቀር ማንም እንዳይልጠው የፌዴራል ሕግ ይጠብቀዋል፣ ጠባቡን የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ የለም። ከመፈረምዎ በፊት ይነሳልኝ ማለት ይችላሉ።